ለሩቅ ትምህርት የቅርብ ድጋፍ

(ለጀመዓችን የምህንድስና ተመራቂዎችና ለወላጆቻቸው የተደረገ ንግግር)

ቢስሚላሂር-ረሕማኒር-ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። 

ዛሬ የምንነጋገረው ልጆቻችን በምህንድስና የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ከያዙ በኋላ ውጭ አገር ሄደው ማስተርስ ስለሚማሩበት መንገድና ስለ ወጪው ነው። «ይህ የዱንያ ጉዳይ ነው፤ መስጊድን ምን አገባው?» የሚል ወንድም ይኖር ይሆናል። የአባቶቻችን ታሪክ ግን እንዲህ አይልም። በወሎ ወደ ዳናና ወደ ጌታ ለመቅራት ከሩቅ የሚመጣውን ደረሳ ያበላው ያገሩ ሰው ነበር። ካይሮ በሚገኘው በአል-አዝሀርም ያገራችንና የአካባቢው ተማሪዎች የጀበርቲ ሪዋቅ የሚባል የራሳቸው ማደሪያ ነበራቸው፤ ሪዋቆቹም ተማሪ የሚያኖሩት ከወቅፍ በሚገኝ ገቢ ነበር። ታላቁ የግብፅ ታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ (1753–1825) የተወለደው በዚህ መንገድ ከሄዱ ሰዎች ዘር ነው። ስለዚህ ተማሪን ለመንገድ ማብቃት ከጥንትም የጀመዓ ሥራ ነው።

ወደ ዛሬው እንመለስ። ልጁ ከአንድ ዩኒቨርሲቲ የመግቢያ ደብዳቤ ሲደርሰው ቤተሰቡ በደስታ ይሞላል። ነገር ግን የመግቢያ ደብዳቤ ስኮላርሺፕ አይደለም። ደብዳቤው «መማር ትችላለህ» ይላል እንጂ «እናስተምርሃለን» አይልም። ጀርመንን እንውሰድ። አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም ሲባል እውነት ነው፤ ቢሆንም የባደን-ቩርተምበርግ ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣን ተማሪ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል። ከዚህም ሌላ ተማሪው ቪዛ ለማግኘት የአንድ ዓመት መኖሪያውን በዝግ ሒሳብ ማስቀመጥ አለበት። ይህም እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2024 ጀምሮ 11,904 ዩሮ እንዲሆን ተወስኗል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በፊት አንድ ዶላር ወደ 57 ብር ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ስለዚህ ያ ገንዘብ በብር ሲሰላ ከ1 ሚሊዮን በላይ ነው።

ሸይጣን የሚገባው እዚህ ላይ ነው። አባት የቤቱን ካርታ ይዞ ወደ አራጣ አበዳሪ ይሄዳል። ቪዛው ቢከለከል ልጁ እቤቱ ይቀራል፤ ዕዳው ግን እየወለደ ይቀጥላል። አላህ በሱረቱል በቀራ ከ275ኛው አንቀጽ ጀምሮ አራጣን እንዴት አጥብቆ እንደከለከለ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ዕውቀት መፈለግ መልካም ኒያ ነው፤ መልካም ኒያ ግን ሐራሙን ሐላል አያደርገውም።

ታዲያ ምን እናድርግ? ቅደም ተከተሉን እናስተካክል። በመጀመሪያ የሚከፍለውን አካል እንፈልግ። የአውሮፓ ኅብረት ኢራስመስ ሙንዱስ ለተመረጠ ተማሪ የትምህርቱን ክፍያ ሸፍኖ ለኑሮው በወር 1,400 ዩሮ ይሰጣል፤ የአብዛኞቹ ትምህርቶች ማመልከቻ የሚቀርበው ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ ማመልከቻ ክፍያ የለውም፤ ለማስተርስ የሚያመለክት ሰው ዕድሜው ከ30 በታች፣ ውጤቱም ቢያንስ 75 በመቶ መሆን አለበት። የጀርመኑ ዳአድ በማደግ ላይ ላሉ አገሮች ባለሙያዎች ባዘጋጀው ፕሮግራም ቢያንስ ሁለት ዓመት የሠሩትን ያስተምራል። ስለዚህ ተመርቆ ሥራ የያዘ ልጅ ጊዜዬ አለፈ ብሎ ተስፋ አይቁረጥ።

እነዚህ በሮች ትልቁን ገንዘብ ይሸፍናሉ። የድሃውን ልጅ ከበሩ የሚመልሰው ትንሹ ገንዘብ ነው። የወጪ መጋራት ዕዳውን ያልከፈለ ተመራቂ ዋናውን ዲግሪና ኦፊሴላዊ ትራንስክሪፕት ለማግኘት ይቸገራል። ፓስፖርት፣ የሰነድ ማረጋገጫ፣ የእንግሊዝኛ ፈተና፣ የቪዛ ክፍያ አለ። የብዙ ጀርመን ዩኒቨርሲቲዎችን ማመልከቻ የሚመረምረው ኡኒ-አሲስት ብቻ ለመጀመሪያው 75 ዩሮ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ 30 ዩሮ ይጠይቃል። ስንቱ ጎበዝ ልጅ በዚህች ምክንያት ሳያመለክት ይቀራል! አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች በእንግሊዝኛ መማርን የሚገልጽ ደብዳቤ በፈተናው ፋንታ ስለሚቀበሉ፣ ገንዘብ ከማውጣት በፊት መጠየቅ ይገባል።

ስለዚህ ለኮሚቴያችን የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፤ የተማሪዎች የቀርዱል ሐሰን ሣጥን እናቋቁም። ምሳሌ አለን። የእስልምና ልማት ባንክ አባል ባልሆኑ አገሮች ለሚኖሩ ሙስሊሞች እ.ኤ.አ. በ1983 የትምህርት ዕድል ሲጀምር፣ ተማሪው የተማረበትን ገንዘብ ያለ ወለድ ለገዛ ማኅበረሰቡ እንዲመልስ፣ በተመለሰውም ሌላው እንዲማር አስቦ ነበር። እኛም በአቅማችን እንዲሁ እናድርግ። ሣጥኑ ከዘካው ተለይቶ ከወለድ ነፃ በሆነ ሒሳብ ይቀመጥ። በሱረቱል በቀራ 282ኛ አንቀጽ እንደታዘዝነው ብድሩ ይጻፍ፣ ምስክርም ይኑረው። ሥራ ሲይዝ ይክፈል፤ ቢቸገር በዚያው ሱራ 280ኛ አንቀጽ መሠረት ጊዜ ይሰጠው። እህቶቻችንም ከወንዶቹ እኩል ይጠቀሙበት።

እናንት ልጆችም አማናውን ጠብቁ። ባንክ አሳይቶ ለመመለስ የተበደሩትን ገንዘብ የራስ አስመስሎ ማቅረብ፣ መምህሩ ያላየውን የድጋፍ ደብዳቤ ራስ ጽፎ መፈረም ውሸት ነው። በውሸት የተጀመረ ጉዞ በረካ የለውም። «ስኮላርሺፕ አስገኝላችኋለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላንም አትመኑ። ሰነዳችሁን ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት አዘጋጁ፤ ከአንድ በር ብትመለሱ ሌላውን አንኳኩ። ስትሄዱም ሶላታችሁን፣ ስትማሩም የላካችሁን ጀመዓ አትርሱ።

አላህ ልጆቻችንን ጠቃሚ ዕውቀት ይስጣቸው፤ ቤታችንን ከአራጣ ይጠብቅልን፤ የምንሰጠውንም ይቀበለን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።