«የዓድዋ ነው» የተባለ ጠመንጃ፦ ለሙዚየም ሲገዛ ምን ይመረመራል?



አሮጌ የጦር ጠመንጃ ለሙዚየም ሊገዛ ሲቀርብ አብዛኛውን ጊዜ ትረካ ተሸክሞ ይመጣል። «ይህ ዓድዋ የዋለ ነው» ይባላል፤ ዋጋውም በዚሁ ቃል ይወሰናል። ዛሬ ላስረዳ የምሻው አንድ ነገር ነው፤ ከሻጩ ቃል በፊት ብረቱ ይጠየቅ።

ደኅንነትና ሕግ ግን ይቀድማሉ። ማንኛውም ጠመንጃ ጥይት እንደጎረሰ ተቆጥሮ፣ አፈሙዙ ከሰው ዞሮ፣ መዝጊያው ይከፈት፤ መጉረሻውና ካዝናው ባዶ መሆናቸው በዓይንም በጣትም ይረጋገጥ። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የጦር መሣሪያ መያዝን በፈቃድ የሚገድብ በመሆኑም፣ ቅርሱ የቱንም ያህል ብርቅ ቢሆን ያለ ፈቃድ ግዢ አይጀመር።

ከዚያ ልኬቱ ይከተላል። የጣሊያንን ቬተርሊ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. የ1870 ሞዴል የሆነው ይህ ጠመንጃ 10.4 ሚሊ ሜትር ጥይት ይጎርስ ነበር። በ1888 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ይዞት ስለዘመተ፣ የተማረከ ቬተርሊ በአገራችን ቢገኝ አያስገርምም። ይሁን እንጂ ጣሊያን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብዙዎቹን በርሜላቸውን ሰርስራ፣ በውስጡ ሌላ ቱቦ በማስገባት ወደ 6.5 ሚሊ ሜትር ለውጣቸዋለች። ስለዚህ የበርሜሉን ውስጠኛ ስፋት እንለካ። የተለወጠ ሆኖ ከተገኘ፣ ያ ጠመንጃ እ.ኤ.አ. በ1915 ገደማ ገና በጣሊያን እጅ ነበር ማለት ነው፤ ዓድዋ ላይ ተማርኮ እዚሁ የቀረ ሊሆን አይችልም። ይህ ቅርስነቱን አይሰርዝም፤ የሌላ ዘመን ምስክር ያደርገዋል እንጂ። በተጨማሪም መዝጊያው ለጥቁር ባሩድ ዘመን የተሠራ በመሆኑ፣ ጭስ አልባ ባሩድ የሚፈጥረውን ግፊት ይችላል ብሎ መተኮስ ለሕይወት አደገኛ ነው።

ሦስተኛው የቁጥሮች መመሳሰል ነው። የበርሜሉ፣ የመዝጊያውና የሰደፉ ቁጥሮች ተራ በተራ ይመዝገቡ። አለመስማማታቸው ክፍሎቹ ከልዩ ልዩ ጠመንጃዎች መሰባሰባቸውን ያመለክታል። ከሌላ ጠመንጃ የመጣ መዝጊያ በራሱና በቀለሁ መካከል ያለውን ክፍተት ሊያዛባ ስለሚችል፣ ጉዳዩ የታሪክ ብቻ ሳይሆን የደኅንነትም ነው። ቁጥሩ በሞረድ ተፍቆ ወይም አዲስ ተመትቶ ከተገኘ ደግሞ የባለቤትነቱ ሰንሰለት ሳይጣራ ግዢው ይቁም።

አራተኛው የበርሜሉ ውስጥ ነው። የጥንቱ ጥይት መለኮሻ የሚተወው ጨው እርጥበት እየሳበ ብረቱን ይበላል። በብርሃን ሲታይ ጠምዛዛዎቹ ቦዮች ጥርት ብለው ይታያሉ ወይስ በዝገት ተቦርቡረዋል? ለሙዚየም ይህ እንቅፋት ባይሆንም ዋጋውን መቀነስ ይገባዋል።

በመጨረሻም ሰደፉ። የተሰነጠቀ እንጨት በጥሬ ቆዳ ተጠፍሮ ወይም በሽቦ ታስሮ ሲገኝ ብዙ ሻጮች ፈትተው፣ በብርጭቆ ወረቀት ፍቀው፣ ቀለም ቀብተው ያቀርቡታል። እኔ ግን የተጠፈረውን እመርጣለሁ። ያ ጥገና ጠመንጃው በማን አገር፣ በምን ዓይነት እጅ እንደኖረ የሚናገር ገጽ ነው፤ አንዴ ከተፋቀ አይመለስም።

ስለዚህ በመዝገባችሁ ላይ ሻጩ ያለውንና ብረቱ ያሳየውን በተለያየ ዓምድ ጻፉ። ሁለቱ ሲስማሙ ደስ ይበላችሁ፤ ሲለያዩም አንዱን ለማስደሰት ሌላውን አትሰርዙ።