ከነቤተሰብ እየኖሩ አሮጌ ቤትን በገዛ እጅ ስለማደስ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ለአባላት የቀረበ ንግግር)




ስለ ሕንፃ ሥራ እንዲናገር የተጋበዘ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚመርጠው ትልቁን ነው፤ ድልድዩን፥ ግድቡን፥ ባለ ብዙ ፎቁን። እኔ ግን ዛሬ ትንሹን መርጫለሁ። የምናገረው ባልና ሚስት ልጆቻቸውን በውስጡ እያሳደጉ፥ ከመደበኛ ሥራቸው በሚተርፋቸው ሰዓት፥ በገዛ እጃቸው ስለሚያድሱት የእንጨትና የጭቃ ቤት ነው። ባለቤቴና እኔ ከአባቷ የወረስነውን፥ በቀበና አካባቢ የሚገኘውን ቤት በዚህ ዓይነት ለማደስ ስድስት ዓመት ወስዶብናል። ሥራው ሲጀመር ሁለት ልጆች ነበሩን፤ ሲፈጸም ሦስት ሆነዋል። የምናገረው ግን ስለ እኛ ቤት ብቻ አይደለም። ነገሩ ለሙያችን የሚያነሣው ጥያቄ አለና ወደዚያ ለመድረስ ነው።

እንደሚታወቀው አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች ወዲህ የሕዝቧ መጠለያ በአብዛኛው እንጨትና ጭቃ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ቀጥ ብሎ ቶሎ የሚያድግ በመሆኑ ቋሚውንም ማገሩንም ወራጁንም ቻለ፤ የሣሩን ክዳን ደግሞ ቀስ በቀስ ቆርቆሮ ተካው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ በተካሄደ ጊዜ እንኳ ከከተማይቱ ቤቶች አብዛኞቹ በዚሁ ስልት የተሠሩ ነበሩ። በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶች የመንግሥት ሲሆኑ፥ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት በቀበሌ እጅ ገቡ። ኪራዩ ዝቅተኛ በመሆኑ ለጥገና የሚተርፍ ገንዘብ አልተገኘም፤ ስለዚህም ብዙው ቤት ያረጀው ከዕድሜው ብዛት ይልቅ ጠጋኝ በማጣቱ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ፥ በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ እንደ ታየው፥ ነባር መንደሮች በሙሉ እየፈረሱ ነው። በከተማው ፕላን ምክንያት የሚፈርሰውን አንድ ቤተሰብ አያድነውም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ማንም ሳያስገድድ፥ «ይህማ ጭቃ ነው» ተብሎ ብቻ የሚፈርሰው ቤት ነው።

ዘመድ ወይም ጎረቤት መጥቶ «ቤቴ ሰንጥቋል፥ ምን ላድርግ?» ብሎ ሲጠይቀን እኛ ባለሙያዎች ብዙ ጊዜ የምንሰጠው መልስ አጭር ነው፤ «አፍርሰህ በብሎኬት ሥራው» እንላለን። ይህ መልስ ገንዘብ ላለው ሰው ምክር ሊሆን ይችላል። ገንዘብ ለሌለው ግን «በሚፈርስ ቤት ውስጥ ዝም ብለህ ኑር» ማለት ነው። ሐኪም በሽተኛውን ሳይመረምር «ሌላ ሰው ሁን» አይለውም። እኛም መመርመርን ማስቀደም ይገባናል።

ምርመራው ከየት ይጀምራል? ከውሃ ይጀምራል። የጭቃ ቤት ዋነኛ ጠላቱ ውሃ ነው፤ ምስጡም፥ ብስባሹም፥ ሻጋታውም የሚመጡት ውሃው መንገዱን ካቀናላቸው በኋላ ነው። በአዲስ አበባ በዓመት የሚወርደው ዝናብ በአማካይ ወደ 1,200 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። የጣራው ስፋት 80 ካሬ ሜትር የሆነ ቤት በዓመት 96,000 ሊትር ውሃ ይቀበላል ማለት ነው፤ በባለ 200 ሊትር በርሜል ቢለካ 480 በርሜል ይሆናል። ከዚህም አብዛኛው የሚወርደው በክረምቱ ወራት ነው። አሸንዳ ከሌለ ወይም አሸንዳው ከተበሳ ይህ ሁሉ ውሃ ከግድግዳው ሥር ያርፋል፤ መሬቱ ዋልካ ከሆነ ደግሞ በክረምት እያበጠ በበጋ እየተሰነጠቀ መሠረቱን ያናውጠዋል። ስለሆነም የመጀመሪያው ዓመት በጀታችን በሙሉ የዋለው ለዓይን በማይታይ ሥራ ላይ ነበር፦ የላሉትን የቆርቆሮ ምስማሮች በመለወጥ፥ አሸንዳ በመስቀል፥ በቤቱ ዙሪያ ውሃውን ወደ ውጭ የሚመራ ቦይ በመቈፈር። እንግዳ ሲመጣ «ምኑን አደሳችሁት?» ይለን ነበር። በሚቀጥለው ክረምት ግን የመኝታ ቤቱ ግድግዳ ከወለሉ በላይ አንድ ክንድ ያህል ይደርስ የነበረው እርጥበት ወደ ታች ሸሸ።

ቀጥሎ የሚመጣው ቋሚው ነው። መሬት ውስጥ የተተከለ የባሕር ዛፍ ቋሚ አስቀድሞ የሚበሰብሰው ከአፈሩ ወለል ጋር በሚገናኝበት ላይ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ብዙ ጊዜ ጤነኛ ሆኖ ይገኛል። በእኛ ቤት የማዕዘን ቋሚዎቹ ጥድ ስለ ነበሩ ከስድሳ ዓመት በኋላም ምስል የሚቀርጹባቸው ያህል ጠንካራ ነበሩ፤ የተበላሹት በኋላ ጊዜ የተጨመሩት የባሕር ዛፍ ቋሚዎች ናቸው። አሮጌው ከአዲሱ ይልቅ ጤነኛ ሆኖ ሲገኝ ይህ የመጀመሪያው ጊዜ አይደለም። መድኃኒቱም ቋሚውን በሙሉ መንቀል አይደለም፤ ጣራውን በጠንካራ ደጋፊ አንሥቶ፥ የበሰበሰውን ጫፍ ቆርጦ፥ ከሥሩ ከአፈር ከፍ ያለ የድንጋይ መደብ መሥራት ነው። ለዚህ የመኪና ክሪክ፥ ደኅና መጋዝና ብዙ ትዕግሥት ያስፈልጋል። በአንድ ጊዜ ከሁለት ቋሚ በላይ አይነካም፤ ከእያንዳንዱም በኋላ በሮቹ እንደ ቀድሞው መዘጋታቸውና መከፈታቸው ይፈተሻል። በር የጣራን ጭነት መዛባት ከባለሙያ ቀድሞ ያውቃል።

ስለ ምርጊቱ ጥቂት ልናገር፤ እጅግ የሚጎዳው ልማድ ያለው እዚህ ላይ ነውና። የጭቃ ግድግዳን በሲሚንቶ መለሰን እንደ ሥልጣኔ ይቈጠራል። ዳሩ ግን ጭቃ በእርጥበት ያብጣል፥ በደረቅ ወራት ይሸማቀቃል፤ ሲሚንቶ እንዲህ አያደርግም። ሁለቱ ይለያያሉ፤ በስንጥቁ የገባውም ውሃ መውጫ አጥቶ በውስጥ ይታሰራል፤ ግድግዳው ከውጭ እያማረ ቋሚው ከውስጥ ይበሰብሳል። ቀይ አፈርና የጤፍ ጭድ በውሃ ተረግጦ፥ ተሸፍኖ ለቀናት ከቦካ በኋላ የሚመረገው ምርጊት ግን ከግድግዳው ጋር አብሮ ይተነፍሳል፤ በላዩም ስስ የኖራ ቅብ ደጋግሞ ቢቀባ ዝናቡን ይችላል። ይህን ከመጽሐፍ አነበብሁ እንጂ እጄን ያስተማሩት አማቴ ናቸው። የጭቃውን ውፍረት በአውራ ጣታቸው ተጭነው ያውቁ ነበር፤ «ገና ነው፥ ይደር» ሲሉ ይደር ነበር፤ ያሳደርነውም ሳይሰነጠቅ ደረቀ። እንዲህ ያለው ዕውቀት በየቤቱ በአረጋውያን እጅ ላይ አለ፤ እነርሱ ሲያልፉ አብሯቸው ያልፋል።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል ልምጣ፤ ይኸውም ወደ ቤተሰቡ ነው። ባዶ ቤት ማደስ የምህንድስና ጉዳይ ነው፤ ሰው የሚኖርበትን ቤት ማደስ ግን የኑሮ ጉዳይ ነው። ሥራው ሳይጀመር ባለቤቴ ሦስት ቃል አስገባችኝ፦ ምንጊዜም አንድ ደረቅ መኝታ ቤት እንዲኖር፥ ማዕድ ቤቱ ከአንድ ሳምንት በላይ እንዳይዘጋ፥ እሑድ መዶሻ እንዳይነሣ። ሦስተኛውን ስትናገር ያለችውን እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ «ቤቱን የምናድሰው ለልጆቹ ከሆነ፥ ልጆቹ የአባታቸውን ጀርባ ብቻ እያዩ ማደግ የለባቸውም» ነበር ያለችው። ከዚህ የተነሣ የሥራው ቅደም ተከተል የተወሰነው በግድግዳዎቹ ሁኔታ ብቻ ሳይሆን በእንቅልፍ፥ በምግብና በትምህርት ሰዓት ነበር። ሁሉንም ክፍል በአንድ ጊዜ የሚያፈርስ አባወራ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደ ጣለችው ይሆናል፤ አንድ ክፍል ተፈጽሞ ሳይደርቅ ሁለተኛው አይነካም።

የዘመን አቆጣጠራችን ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር የሚከፈተው ይከፈታል፤ በበልግ የሚሸፈነው ይሸፈናል፤ ክረምቱ ለውስጥ ሥራ፥ ለበርና ለመስኮት፥ ለዕቁብ ቁጠባም ነው። ገንዘቡ የተገኘው ከዕቁብ ነበር፤ የሰው ጉልበት ባስፈለገ ቀን ደግሞ ጎረቤት መጣ፤ ምርጊት ብቻውን የሚመርግ ሰው የለምና። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለዚህ ቀን ነው።

ልጆች በዚህ ሥራ ምን ድርሻ አላቸው? የተጣመመ ምስማር ማቃናት፥ ጭድ ማቅረብ፥ ጭቃ መርገጥ ይችላሉ፤ ጭቃ መርገጡንማ ከጨዋታ አይለዩትም። ፈጽሞ የማይቀርቡባቸው ሦስት ነገሮች ግን አሉ። አንደኛው ያልጠፋ ኖራ ነው፤ ውሃ ሲነካው ይፈላል፥ ዓይንን ያጠፋል፤ ጉድጓዱ ሁልጊዜ መከደን አለበት። ሁለተኛው አሮጌ ቀለም ነው። በድሮ ቀለሞች ውስጥ እርሳስ ይገኛል፤ ትቢያው በልጆች አእምሮ ላይ ጉዳት ያደርሳል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ለልጅ ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን እንደማይታወቅ ገልጿል። ስለዚህ አሮጌ ቀለም በደረቁ አይፋቅም፤ በውሃ እየራሰ ይፋቃል፥ ፍቅፋቂውም ተጠርጎ በጥንቃቄ ይወገዳል፥ ልጆቹም በዚያ ቀን በዘመድ ቤት ይውላሉ። ሦስተኛው ኤሌክትሪክ ነው፤ በጨርቅ የተጠቀለለ አሮጌ ሽቦ በጭቃ ግድግዳ ውስጥ ሲገኝ የሚነካው ፈቃድ ያለው ባለሙያ ብቻ ነው። በገዛ እጅ ማደስ ማለት ሁሉን በገዛ እጅ መሥራት ማለት አይደለም። መሬቱ የሚንሸራተት ከሆነ፥ የጣራው ተሸካሚ ከተሰበረ፥ ወይም ቤቱ በቅርስነት ተመዝግቦ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የሚጠበቅ ከሆነ፥ ባለቤቱ መዶሻውን አስቀምጦ ለሚመለከተው ማመልከት አለበት።

በሦስተኛው ዓመት ሦስተኛው ልጃችን ተወለደ፤ በገባነው ቃል መሠረት ሥራውን ስምንት ወር አቆምነው። አንድ ግድግዳ በላስቲክ ተሸፍኖ ክረምቱን አሳለፈ። በዚያው ጊዜ ቤቱን ከነቦታው የሚገዛ ሰው መጣ፤ የሰጠውም ዋጋ ለድካም ትልቅ ፈተና ነበር። ያስቀረን ቍጭትም ሆነ የቅርስ ፍቅር አልነበረም። ሁለተኛው ልጃችን ክረምት በገባ ቍጥር ደረቱ እያፈነው ሌሊት ይነሣ ነበር፤ የመኝታ ቤቱ ግድግዳ ከደረቀና ሻጋታው ከጠፋ ወዲህ ግን ያ ክረምት ሌሊቱን በሙሉ የተኛበት የመጀመሪያው ሆነ። እርጥብና ሻጋታ የያዘው ክፍል የመተንፈሻ ሕመምን እንደሚያባብስ ሐኪሞች ይናገራሉ፤ እኛም ያየነው ይህንኑ ነው። ባለቤቴ «ይህን አየር የት ሄደን እንገዛዋለን?» አለች፤ ገዢውም አመስግኖ ሄደ።

ክቡራትና ክቡራን፥

ከዚህ ሁሉ የምደርስበት ሐሳብ ይህ ነው። ትምህርት ቤቶቻችን አዲስ ሕንፃ መሥራትን በሚገባ ያስተምራሉ፤ ያለውን ማቈየትን ግን የሚያስተምሩት በጥቂቱ ነው። ስለዚህ ለማኅበራችን ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፥ ለባለቤቶች የሚሆን፥ ሥዕል ያለበት፥ በቀላል አማርኛ የተጻፈ የጥገና መመሪያ እናዘጋጅ፤ ከአሸንዳ ጀምሮ በቀለም የሚፈጽም። ሁለተኛ፥ እያንዳንዱ አባል በዓመት አንድ ቅዳሜ ለሰፈሩ ይስጥ፤ ክረምት ሳይገባ አሥር ቤት ዞሮ የትኛው ቋሚ፥ የትኛው አሸንዳ ሊታይ እንደሚገባው ቢነግር በነጻ የሚታደገው ብዙ ነው። ሦስተኛ፥ ምርጊትን፥ ኖራን፥ የእንጨት አሠራርን የሚያውቁ አረጋውያን ገና በሕይወት ሳሉ ዕውቀታቸውን እየጠየቅን እንመዝግብ።

ሦስቱም ብዙ ወጪ አይጠይቁም። የሚጠይቁት አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉትን በሥራ ማዋል ነው። በያንዳንዱ ክረምት የሚወድቅ ግድግዳ አስቀድሞ በአንድ አሸንዳ ሊድን ይችል ነበር፤ በግድግዳው ሥር የሚተኛውም ሕፃን እንዲሁ። የሚቀጥለው ሰኔ ከመግባቱ በፊት የመጀመሪያው መመሪያ በእጃችን እንዲገኝ ጉባኤው እንዲወስን እጠይቃለሁ።