ልጃችን ዝም ሲል እንጠይቀው
(በክሊኒካችን ተራ ለሚጠብቁ ወላጆችና አሳዳጊዎች የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር)



የዛሬው ርዕሳችን የልጆቻችን የአእምሮ ጤና ነው። ልጅ ሲያተኩሰው ግንባሩን ዳሰን ወደ ጤና ጣቢያ እንሮጣለን። መንፈሱ ሲታወክ ግን «ጥጋብ ነው» ብለን እናልፋለን። ሆኖም ከአእምሮ ሕመሞች ግማሽ ያህሉ የሚጀምሩት 18 ዓመት ሳይሞላ ነው።

ፈተናን ለምሳሌ እንውሰድ። በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 ከመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። በየሰፈሩ አንገቱን የደፋ ልጅ ነበረ ማለት ነው። ለእንዲህ ያለው ልጅ «የጎረቤት ልጅ አለፈ፤ አንተስ?» ማለት በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው።

ምን ምልክት እንይ? ልጁ ለ2 ሳምንትና ከዚያ በላይ ከሰው ቢሸሽ፣ እንቅልፉና የምግብ ፍላጎቱ ቢዛባ፣ ይወደው የነበረው ነገር ቢያስጠላው፣ ጫትና መጠጥ ቢያበዛ፣ «መኖሬ ምን ይረባል» ቢል በቸልታ አትለፉት።

ምን እናድርግ? ቡና ተፈልቶ ሰው በተሰበሰበበት አትጠይቁት። ለብቻችሁ ስትሆኑ፣ መንገድ እየሄዳችሁ ወይም ሥራ እየሠራችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ጠይቁት። ሲናገር አታቋርጡት፤ ተግሣጹ ለሌላ ቀን ይደር። ሴት ልጃችሁም ያልታሰበ እርግዝና ወይም መደፈር ደርሶባት እንደሆነ «አዋረድሽን» አትበሏት። «አብረን እንወጣዋለን» በሏትና ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም ይዛችኋት ኑ።

ብዙ ወላጅ የሚፈራው አንድ ጥያቄ አለ። ልጁን «ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አያሳድርበትም፤ ይልቁንም ሸክሙን ያቀልለታል። «አዎ» ካለ ብቻውን አትተዉት። የተባይ መርዝ፣ በረኪናና መድኃኒት ከእጁ አርቁ። በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ውሰዱት። ጸሎትና ጸበል የሚያጽናናው ከሆነ አትከልክሉት፤ የታዘዘለትን መድኃኒት ግን እንዳያቋርጥ ተከታተሉ።

በመጨረሻም፣ እናንተም ሰው ናችሁ። ሲከብዳችሁ ለምታምኑት ዘመድ ወይም ለጤና ባለሙያ ተናገሩ፤ የደከመ አሳዳጊ ማዳመጥ ያቅተዋል። ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ ከልጃችሁ አጠገብ ተቀመጡና «እንዴት ዋልክ?» በሉት። መልሱን ሳትቸኩሉ ጠብቁ።