የወንዝ ዳር ሳማና የቦሌ ቢራቢሮዎች



ስለ ቢራቢሮ ሲነሣ ሁላችንም የምናስበው አበባን ነው። ዛሬ ግን ስለ ሳማ ልናገር መጥቻለሁ። ቢራቢሮ አበባ የምትቀስመው ክንፍ ካወጣች በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት ቅጠል የምትበላ አባጨጓሬ ነበረች፤ አባጨጓሬ ደግሞ ያገኘውን ቅጠል ሁሉ አይበላም።

ስሟን ከአገራችን የወሰደችው ቫኔሳ አቢሲኒካ እንቁላሏን የምትጥለው በሳማና በሳማ ዘመዶች ላይ ነው። እኅቷ ቫኔሳ ካርዱይ ያን ያህል አትመርጥም፤ ኮሸሽላም፣ ልትም፣ ሳማም ይበቃታል። ይህች ብርቱካናማ ቢራቢሮ ታላቅ ተጓዥ ናት። በመጸው ከአውሮፓ ወዴት እንደምትሰወር ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር ቆይቶ፣ ታላቬራና ቪላ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት ሰሃራን ተሻግራ በሴኔጋል፣ በቤኒን፣ በቻድና በኢትዮጵያ እንደምትራባ አሳዩ። እንግዲህ በመስከረም አደይ አበባ ላይ የምናያት ቢራቢሮ በረሃ አቋርጣ የመጣች ልትሆን ትችላለች።

በቀበናና በቡልቡላ ወንዞች ዳርቻ ያለው እርጥብ መሬትም ሌላ ጥቅም አለው። በጭቃ ላይ ተሰብስበው የሚታዩት ቢራቢሮዎች አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው። ቅጠል ሶዲየም ስለሚያንሰው ከጭቃው ይመጡታል፤ በሚገናኙበት ጊዜም ከፊሉን ለሴቷ ያስተላልፋሉ፤ እርሷም ለእንቁላሎቿ ታካፍላለች።

የወንዞቻችን ዳርቻ መጽዳቱን አልነቅፍም፤ ቆሻሻ የተከመረበትን ዳርቻ የሚናፍቅ የለም። ሆኖም ዳርቻው ሁሉ የድንጋይ ግንብ፣ የተከረከመ ሣርና የጌጥ አበባ ብቻ ከሆነ፣ ቢራቢሮ ቀስማ ታልፋለች እንጂ አትራባም። የወፍ ቆሎ እንኳ ለበራሪዋ ጥሩ መጠጥ ነው፤ ሳማ ለለመደ አባጨጓሬ ግን ምግብ አይሆንም። ስለዚህ ጥያቄዬ ትንሽ ነው፦ ከመተላለፊያው ራቅ ብሎ፣ ከውኃው አጠገብ፣ ሳማና ኮሸሽላ የሚበቅሉበት ጠባብ መስመር ቢያንስ እስከ ኅዳር ሳይታጨድ ይቆይ። ሳማ እንደሚለበልብ አልዘነጋሁም፤ ልጆች በሚሮጡበት ይብቀል አላልኩም። ደግሞስ በደጋው ገበሬ ቤት እንደ ጎመን ተቀቅሎ የሚበላ ተክል አይደለምን?

ተማሪዎች ወንዝ ዳር ስትወርዱ፣ በቀጭን ክር የተሰፋ የሚመስል የሳማ ወይም የልት ቅጠል ፈልጉ። ከውስጡ እሾሃም አባጨጓሬ ብታገኙ ቅጠሉን ሳትበጥሱ ቀኑን፣ ቦታውንና የተክሉን ስም መዝግቡ።