በሁለት ቦታ የሚታይ አንድ ብልሽት



በአንድ ፋብሪካ ውስጥ ተራርቀው የቆሙ ሁለት መሣሪያዎች ባንድ ጊዜ ቢበላሹ፣ ጠንቃቃ መሐንዲስ አስቀድሞ የሚጠይቀው ሁለቱ በጋራ ያላቸው ነገር ምን እንደሆነ ነው። ደም የሚያስለው በሽተኛ ኩላሊቱ ጭምር ሲደክም፣ ሐኪሞችም ያነሡት ይህንኑ ጥያቄ ነው።

አሜሪካዊው የሥነ ደዌ ሊቅ ኧርነስት ጉድፓስቸር፣ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1919 ዓ.ም.፣ በኢንፍሉዌንዛው ወረርሽኝ ዘመን የሞተ የ18 ዓመት ወጣት ሳንባው ደምቶ፣ ኩላሊቱም ተቆጥቶ መገኘቱን ጻፈ። በ1958 ዓ.ም. በአውስትራሊያ በሽታው በእርሱ ስም ተጠራ። ምክንያቱ ይበልጥ የተገለጠው ግን በ1967 ዓ.ም. ነው፤ ከበሽተኞች ኩላሊት የተወሰደው ፀረ እንግዳ አካል ወደ ጦጣዎች ሲገባ፣ የጦጣዎቹም ኩላሊት ታመመ።

የሳንባን የአየር ከረጢቶችና የኩላሊትን ማጣሪያዎች የሚደግፈው ስስ ገለፈት በሁለቱም ዘንድ አንድ ዓይነት ኮላጅን አለው። የሰውነት መከላከያ ኃይል ተሳስቶ ይህን ገለፈት እንደ ባዕድ ሲያጠቃ፣ ሳንባ ይደማል፤ በቀን ወደ 180 ሊትር ፈሳሽ የሚያጣራው ኩላሊትም በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ሊቆም ይችላል። ሲጋራ ማጨስና የነዳጅ ነክ ማሟሟቻዎችን ትነት መተንፈስ ሳንባውን ለመድማት እንደሚያጋልጡ ይታመናል፤ ይህም የወርክሾፕ ኃላፊዎችን ሁሉ የሚመለከት ነው።

በምርመራ ረገድ ስሕተት የሚመጣው ሳንባው ብቻ ሲታይ ነው። የሳንባ ነቀርሳ በበዛበት አገር ደም ማሳል ወዲያው ለነቀርሳ ይሰጣል፤ አክታን መመርመሩም ተገቢ ነው። ነገር ግን በሽንት ውስጥ ደምና ፕሮቲን መኖሩን ማየት፣ በደም ውስጥም ክሬአቲኒንን መለካት ቀላል ሥራ ሆኖ ሳለ ሐሳብን ያቃናል። ከዚያ ፀረ እንግዳ አካሉን በደም ውስጥ መፈለግ፣ ከኩላሊትም ቅንጣት ወስዶ በማይክሮስኮፕ መመርመር ይከተላል። የደም ሥር ብግነትና ሉፐስም ሁለቱን ብልቶች ባንድነት ስለሚያጠቁ መለየት ይገባቸዋል።

ሕክምናው ሦስት ሥራ አለው። የፕላዝማ መለወጫ መሣሪያ ፀረ እንግዳ አካሉን የያዘውን ፈሳሽ ከደም ለይቶ ያስወግዳል፤ በአልቡሚንም ይተካል፤ ይህም ብዙውን ጊዜ በየቀኑ ለሁለት ሳምንት ያህል ይደረጋል። ሳይክሎፎስፋሚድ አዲስ እንዳይመረት ያግዳል፤ ፕሬድኒሶሎን ብግነቱን ያበርዳል። ይህ ስልት በ1970ዎቹ ዓመታት አጋማሽ በለንደን ከተጀመረ ወዲህ፣ ቀድሞ አብዛኞቹን ይገድል ከነበረው በሽታ ብዙዎች ተርፈዋል። ሆኖም ሕክምና ሲጀምሩ ኩላሊታቸው ቆሞ በዳያሊሲስ ላይ ያሉ ሰዎች ኩላሊታቸው ተመልሶ የሚሠራው ከስንት አንድ ነው።

እንግዲህ መሣሪያው የሚያድነው ገና ያልጠፋውን ብቻ ነው። በጊዜው ሳይደረግ የቀረ አንድ የሽንት ምርመራ፣ ዕድሜ ልክ በሳምንት ሦስት ጊዜ በዳያሊሲስ አልጋ ላይ ሊያስከፍል ይችላል። ስለዚህ ደም የሚያስል፣ ሽንቱም የቀላ ወይም ያነሰ ሰው ቢገኝ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይድረስ።