ተገጣጣሚ ብሎኬት ለግድግዳና ለኮለን
(በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ ከቀረበ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው ስለ ቤት ሥራ እንድናገር ጠይቆኛል። ልጆች አትደንግጡ፤ የተማሪውን የቤት ሥራ ማለቴ አይደለም። እኔ መሐንዲስ አይደለሁም። አሥራ ሁለተኛን ከጨረስኩ በኋላ ትምህርት ቤቴ ሱቄ ነው። ሲሚንቶ፣ ምስማርና ፌሮ ስሸጥ ከፉንዲዎች የሰማሁትንና በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ። ከመካከላችን በኪቴንጌላም ሆነ በሩይሩ በኩል ቦታ የያዙ አሉ። አገር ቤት ለወላጆቻቸው ቤት የሚያሠሩም አሉ። የዓመታት ላብ የሚፈስበት ጉዳይ ስለሆነ ቢሰለቻችሁም ታገሡኝ።

ተገጣጣሚ ብሎኬት ማለት አንዱ ከሌላው ጋር በጥርስና በጎድጓዳ የሚያያዝ ብሎኬት ነው። በየረድፉ መካከል የሲሚንቶና የአሸዋ ጭቃ አይገባም። ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የሓ ያለው ቤተ መቅደስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው መቶ ዓመት ገደማ የተሠራ ሲሆን ድንጋዮቹ ያለ ጭቃና ያለ ኖራ ተጠርበው የተገጣጠሙ ናቸው። ግድግዳው ዛሬም ቆሟል። ልዩነቱ የየሓ ጠራቢ እያንዳንዱን ድንጋይ በትዕግሥት ያስተካከለ መሆኑ ነው፤ የዛሬው ብሎኬት ግን ልኩን የሚያገኘው ከማሽኑ ነው። ማሽኑ ከሳተ ሁሉም ብሎኬት ይስታል።

አፈርን ከጥቂት ሲሚንቶ ጋር በእጅ ማሽን መጫን በሰፊው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በኮሎምቢያ በተሠራው ሲንቫ ራም በተባለ መሣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የታይላንድ ተመራማሪዎች ብሎኬቱን ተገጣጣሚ አደረጉት። እዚህ ናይሮቢ ማኪጋ የተባለው ድርጅት የእጅ ማሽኑን ይሠራል።

አሁን ወደ ንድፉ ልግባ፤ እኔን በጣም የሚያስደስተኝ እሱ ነው። የታይላንዱ ብሎኬት ርዝመቱ 30፣ ወርዱ 15፣ ቁመቱ 10 ሳንቲ ሜትር ነው። ርዝመቱ የወርዱ እጥፍ መሆኑን ልብ በሉ። በዚህ ምክንያት ግድግዳው ማዕዘን ላይ ሲዞር መቁረጥ አያስፈልግም። ሁለቱ ቀዳዳዎች ከየጫፉ 7 ሳንቲ ሜትር ተኩል ገባ ብለው ይቀመጣሉ። ስለዚህ የላይኛው ብሎኬት በግማሽ ተሸጋግሮ ሲቀመጥ የእሱም ቀዳዳ ከታችኛው ቀዳዳ ጋር ይገጥማል፤ ፌሮ ከመሠረት እስከ ላይ ሳይታጠፍ ያልፋል።

ኮለን ስትፈልጉ ሁለት ብሎኬት ጎን ለጎን ታስቀምጣላችሁ፤ 30 በ30 ይሆናል፤ አራት ቀዳዳም ይኖረዋል። ቀጣዩን ረድፍ ወደ ጎን አዙራችሁ ትደርባላችሁ። አራቱ ቀዳዳዎች ያው እዚያው ይገጥማሉ! ጥርሱ በቀዳዳው ዙሪያ ክብ የተደረገውም ብሎኬቱ ሲዞር እንዲገጥም ነው። አራት ፌሮ አስገብታችሁ በቀጭን አርማታ ትሞላላችሁ፤ የእንጨት ካሳፎርማ አትከራዩም። ይህን ያሰበው ሰው እጁ ይባረክ።

ነገር ግን እዚህ ላይ ቆም በሉ። እንዲህ ያለው ኮለን ለበረንዳ ወይም ለባለ አንድ ደረጃ ቤት እንጂ ፎቅ ለመሸከም አይደለም። ፎቅ የሚሸከም ኮለን ፌሮው በስታፋ መታሰር አለበት፤ በእነዚያ ጠባብ ቀዳዳዎች ውስጥ ደግሞ አራቱን ፌሮ አንድ ላይ የሚያስር ስታፋ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2016 በሁሩማ ሰፈር ባለ ስድስት ፎቅ መኖሪያ ተደርምሶ ስንት ቤተ ሰብ እንዳለቀ እናስታውሳለን። ያ ሕንፃ የዚህ ብሎኬት ሥራ አልነበረም፤ ያነሣሁት ያለ ፈቃድ ፎቅ የሚሠራ ሰው ምን እንደሚያስከትል ስለሚያሳይ ነው። በናይሮቢ በብዛት የሚታየው የእጅ ማሽን ብሎኬት ደግሞ ጥርስ እንጂ ፌሮ የሚያልፍበት ቀዳዳ የለውም። በእሱ የሚሠራ ሰው በየማዕዘኑ የአርማታ ኮለን ያቁም።

አገር ቤት ለሚያሠራ ይህ የበለጠ ይመለከተዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ ከፈንታሌ በኩል የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ ነበር። ኔፓል ከ2015ቱ መንቀጥቀጥ በኋላ በተገጣጣሚ ብሎኬት ብዙ ቤት የሠራችው በየቀዳዳው ፌሮ ቁልቁል አስገብታ፣ በአግድምም አስራ ነው።

ሁለተኛው ነገር ልክ ነው። በተለመደው ግንብ ግንበኛው ስሕተቱን በጭቃው ውፍረት ይደብቃል፤ እዚህ መደበቂያ የለም። የብሎኬቱ አንዱ ጎን በአንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ቢበልጥና ሁሉም በዚያው በኩል ቢደረደር፣ 25 ረድፍ ላይ ስትደርሱ ግድግዳው በ25 ሚሊ ሜትር ተዛብቷል። ስለዚህ የመጀመሪያው ረድፍ ብቻ በሲሚንቶ ጭቃ ላይ በውኃ ልክ ተስተካክሎ ይቀመጣል። ሻጩ ጋ ስትሄዱ አሥር ብሎኬት ያለ ጭቃ ደርድሩና ቱምቢ ጣሉበት። ሻጩ ከተቆጣ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።

ሦስተኛው አፈሩ ነው፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። የኪቴንጌላ ሜዳ ጥቁር መረሬ ነው፤ ቦሌን የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ለብሎኬት አይሆንም፤ ለመሠረትም ጠላት ነው። ቀዩ አፈርና ሙራም ይሻላል፤ ቢሆንም ይፈተን። 60 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 4 ወርድና 4 ጥልቀት ያለው የእንጨት ሳጥን ታሠራላችሁ። ውስጡን ዘይት ቀብታችሁ እርጥብ አፈር ትጠቀጥቁበታላችሁ፤ ፀሐይ ላይ ሦስት ቀን ይደር። የሸሸው ከ12 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ አንድ ሲሚንቶ ለ18 አፈር ይበቃል። ከ39 እስከ 50 ከሸሸ አንድ ለ12 ያስፈልጋል። ከዚያ በላይ ከሆነ አሸዋ ጨምሩ ወይም አፈሩን ለውጡ። ብሎኬቱ ከተመረተ በኋላ ቢያንስ ሳምንት ተሸፍኖ ውኃ ይጠጣ፤ እስከ 28 ቀንም አትቸኩሉ።

አንድ ነገር ከብሎኬቱ በፊት የሚመጣ አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 የጸደቀው የኬንያ ሕገ መንግሥት ዜግነት ለሌለው ሰው መሬት የሚፈቅደው በሊዝ፣ ቢበዛ ለ99 ዓመት ነው። ጥሩ ግድግዳ የተበላሸ ሰነድ አያድንም፤ መጀመሪያ ጠበቃ ዘንድ ሂዱ።

ሳጥኑን አሠርቼ ሱቄ ውስጥ አስቀምጫለሁ፤ ኪራይ የለውም። ቦታ ያላችሁ ከላይ ያለውን ሣርና ጥቁሩን አንሡና ከሥሩ ካለው አፈር በባልዲ አምጡ፤ አብረን እንሞክረዋለን።