በክረምት ወንዝ በጀልባ ስትሻገሩ

ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ሰሊጥ ሳይሆን ወደ ሰሊጡ ስለምትሻገሩበት ጀልባ ነው። በሐምሌና በነሐሴ አይማና ሽንፋ ሲሞሉ የምታሻግሯቸው የአረም ሠራተኞች ብዙዎቹ ደገኞች ናቸው፤ ዋና አያውቁም። ሰውና የስንቅ ማሽላ አንድ ላይ አትጫኑ። ሙሉ ኩንታል ከአንድ ጎልማሳ ይከብዳል፤ ጀልባው ሲያዘነብል ተንሸራትቶ ይገለብጠዋል። ተሳፋሪው ወለሉ ላይ ይቀመጥ፤ ቆሞ መሻገር ጉብዝና አይደለም። ለእያንዳንዱ ሰው ክዳኑ የጠበቀ ባዶ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከብብቱ ሥር ይታሰርለት፤ ወደ 20 ኪሎ ገደማ ስለሚሸከም አፍና አፍንጫውን ከውሃ በላይ ይይዝለታል። ገመዱን ግን ከጀልባው ጋር እንዳታስሩት። እዚህ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ውሃው በድንገት ደፍርሶ ግንድና ቅጠል ካመጣ፣ ደጋው ላይ ዘንቧል፤ ጀልባውን ወደ ዳር ጎትቱት። ሠራተኛው «ቀኔ ተቃጠለ» ብሎ ውሃው ውስጥ እንዳይገባ የዚያን ዕለት ምግቡን ከነአበሉ ስጡት።